የስዊች ባክአፕ በፓይተን፦ ስክሪፕቱ መሃል ላይ ይቆማል፣ የአዘዞው ደግሞ ባዶ ፋይል ይሰጠኛል

ጀማሪው ከፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው እዚሁ ጎንደር ነው። 12 የሲስኮ ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኙ ዕቃዎች) አሉኝ፤ የሚበዙት ፒያሳና ማራኪ፣ አንዱ ብቻውን አዘዞ። ባለፈው መብራት ሄዶ ሲመጣ የአዘዞው ስዊች የወር ሥራዬን ረስቶ ተነሣ። ሴቭ አላደረግኩትም ነበር፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። ኮንሶል ኬብል ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። ወለል ላይ ተቀምጬ ቪላኖቹን (ኔትወርኩን የከፋፈልኩባቸውን) አንድ በአንድ እያስታወስኩ ጻፍኳቸው። ከዚያ ወዲህ ነው ባክአፕ በስክሪፕት ይሁን ያልኩት።

የያዝኩት የፓይተኑን ፒኤክስፔክት ነው፤ በሰው ፋንታ የሚመጣውን ጽሑፍ እየጠበቀ ትእዛዝ የሚልከውን። ከስልክ ስለምጽፍ ኮዱን በቃል ልንገራችሁ። ኤስኤስኤች ይከፍታል (ከርቀት ወደ ስዊቹ ይገባል)፣ ፓስወርድ ሲጠየቅ ይልካል። ከዚያ ሃሽ (#) እስኪመጣ ይጠብቃል፣ «ሾው ራን» (የስዊቹን ቅንብር፣ ኮንፊጉን፣ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ይልካል፣ እንደገና ሃሽ ይጠብቃል። በመሃል የመጣውን ፋይል ላይ ይጽፋል። «ሾው ክሎክ» ስለው ሰዓቱን ቆንጆ አድርጎ ያመጣል። «ሾው ራን» ስለው ግን ዝም ይልና ታይምአውት ብሎ ይሞታል። የአዘዞው ጭራሽ ሌላ ነው። ስህተት የለ፣ ምን የለ፤ ከሁሉም ፈጥኖ ያልቅና ባዶ ፋይል ይተውልኛል። ምን በደልኩት?

የሌሊት ተረኛ

ታይም ስሊፕ 10 ሰከንድ ጨምርበት። እኔ ጋ ሠርቷል።

የማራኪዋ

ኧረ ስሊፑን ተወው። ፒኤክስፔክት ምንም ሳትነግረው 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ አሥር ብትጨምርለት አርባ ሰከንድ ቆሞ ይሞታል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ስክሪፕቱ ስዊቹን እየጠበቀ ነው፣ ስዊቹም ስክሪፕቱን። በእጅህ ገብተህ «ሾው ራን» ስትል አንድ ገጽ ያሳይህና ከታች «ሞር» ብሎ ይቆም የለ? አንተ ሳታስበው ስፔስ ትጫናለህ። ስክሪፕትህ ግን ስፔስ መጫን እንዳለበት ማን ነገረው? «ሾው ክሎክ» አንድ መስመር ስለሆነ ነው ያለፈልህ። እንደገባህ መጀመሪያ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ላክ፣ በየገጹ መቆሙን ይተዋል፤ ፕሮምፕቱን (ትእዛዝ ስጠኝ የሚልበትን ምልክት) ጠብቅ፣ ከዚያ «ሾው ራን»። የሚቀየረው ለዚያች ሴሽን ብቻ ስለሆነ አትፍራ።

ሌላው፣ በጨለማ አትሥራ። ሎግፋይል ሪድ የሚለውን ወደ ስክሪንህ አዙረው፤ ስዊቹ የሚለው ሁሉ እየተጻፈ ታየዋለህ። ስፖውን ስታደርግ (ኤስኤስኤቹን ስታስነሣ) ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ማለት እንዳትረሳ፣ አለዚያ ባይት እየላከ ያጨቃጭቅሃል።

ጀማሪው ከፒያሳ

እህቴ፣ ተባረኪ! 11ዱ ገቡ። አዘዞ አሁንም ባዶ ነው። ሎጉን ሳየው ግን ፓስወርዱ እንደገባ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይመጣል። ከላይም ከታችም በሃሽ ታጥሯል፣ ስልሳ ያህል ተደርድሯል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ያስጌጠው ነው። ይሄ ችግር ይሆናል?

ጋሽ ሽቦ

ልጄ፣ ይሆናል እንጂ! መልሱን ራስህ ይዘኸው መጣህ።

ስክሪፕትህ «# ካየህ ፕሮምፕት ነው» ተብሏል። የአጥሩን የመጀመሪያ # አየና ገባሁ ብሎ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» ላከ። ሁለተኛው # እዚያው አጠገቡ አለ፤ ተመለሰልኝ አለና «ሾው ራን» ላከ። ሦስተኛውም አጠገቡ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ምን አለ? ምንም። ያንን ምንም ነው ፋይልህ ላይ የጻፈልህ። ፈጥኖ ማለቁም ለዚሁ ነው፤ ስዊቹ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ሰውየው ወጥቶ ሄዷል።

ሃሽ ብቻውን አትጠብቅ። የስዊቹን ሙሉ ስም ከነሃሹ ጠብቅ፣ ከፊቱም አዲስ መስመር ይኑር። አዲስ መስመሩ ካሪጅ ሪተርንና ኒውላይን ሆኖ በጥንድ ነው የሚመጣው፣ ኒውላይን ብቻ ብለህ እንዳትሳሳት። ደግሞ በሬጌክስ (በጽሑፍ መፈለጊያው ቋንቋ) የለመድነውን የመጨረሻ ምልክት፣ ዶላሩን፣ እዚህ አትመነው። ፒኤክስፔክት ጽሑፉን እንደ ወንዝ እየፈሰሰ ነው የሚያነበው፤ እስካሁን የደረሰው ሁሉ ለእሱ መጨረሻ ነው።

ይሄ ጣጣ አዲስ እንዳይመስልህ። ዶን ሊብስ በ1990 በቲሲኤል ቋንቋ ላይ ኤክስፔክትን ሲያወጣ የመጣ ነው፤ የፓይተኑ የእሱ ልጅ ነው። እኛም በዘመናችን ስንት ሌሊት አድረንበታል።

ዊንዶውስ ተጠቃሚ

ለምን ይሄን ሁሉ ትደክማለህ? ኔትሚኮን ጫን። ከርክ ባየርስ ለኔትወርክ ዕቃዎች የሠራው የፓይተን ላይብረሪ ነው፣ ከሥሩ ኤስኤስኤቹን የሚሠራው ፓራሚኮ አለ። ሲስኮ አይኦኤስ (የስዊቹ ሶፍትዌር) ነው ካልከው ገጽ በገጽ ማሳየቱን ራሱ ያጠፋዋል፣ ፕሮምፕቱንም ራሱ ያገኘዋል። የፒኤክስፔክት ስፖውን ደግሞ ዊንዶውስ ላይ አይሄድም። አንድ ነገር ብቻ፦ በአዲሶቹ፣ ከ4 ወዲህ ባሉት፣ ሪድ ታይምአውቱ ካልነካኸው 10 ሰከንድ ነው። ለረጅም ውጤት ከፍ አድርገው።

የማራኪዋ

ለስዊች ብቻ ከሆነ እኔም ኔትሚኮ ነው የምለው። ኔትሚኮ የማያውቀው ዕቃ ሲያጋጥምህ ግን ወደ ፒኤክስፔክት መመለስህ አይቀርም፣ ስለዚህ የተማርከው አልባከነም። ፓስወርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ ጽፈኸው ከሆነ ግን አሁኑኑ አውጣው። በጌትፓስ (ስትጽፈው በማያሳየው የፓይተን መጠየቂያ) ይጠይቅህ። ሌሊት ብቻውን እንዲሠራ ስትፈልግ ለብቻው ፋይል አድርገህ ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) አድርገው። ባክአፑንም እንደዚያው፤ ኮንፊግ ውስጥ ስንት ሚስጥር አለ።

ጀማሪው ከፒያሳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስሙን ከነሃሹ አድርጌ ሞከርኩት፣ አዘዞም ገባ። ፋይሉን ከፍቼ ቪላኖቼን በዓይኔ አየኋቸው። ፓስወርዱ... አዎ፣ ውስጡ ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። ኔትሚኮን ነገ እሞክረዋለሁ።

ጋሽ ሽቦ

ጎበዝ። ለመሆኑ አዘዞ ወለል ላይ ተቀምጠህ የጻፍከውን ሴቭ አድርገኸዋል? «ሾው ራን» የሚያሳይህ አሁን የሚሠራበትን ነው እንጂ መብራት ሲሄድ የሚተርፈውን አይደለም። «ራይት ሜሞሪ» በለው። «ኮፒ ራን ስታርት» ካልክ የፋይል ስም ጠይቆ ስለሚቆም ስክሪፕትህ እንደገና ይንጠለጠልብሃል።

ጀማሪው ከፒያሳ

ቆይ ጋሼ፣ ገብቼ ልምጣ።