ሌሊት ባቴን ይይዘኛል፤ ማግኒዚየም ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሌሊት ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ጓደኛዬ "ማግኒዚየም አንሶሽ ነው" ብላ ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚል ኪኒን ሰጠችኝ። ከጀመርኩት ወዲህ ሆዴን እያስቀመጠኝ ነው፤ እግሬ ግን ያው ነው። በደም ምርመራ ማግኒዚየሜ ኖርማል ነው ተብያለሁ። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ ወስጃለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ኪኒኑን ለጊዜው ተዪው። ሆድሽን ያስቸገረሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ኦክሳይዱ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ አንጀት ውስጥ ይቀርና ውሃ ይስባል። ማግኒዚየም ሲትሬት የሚባለው ሌላው ዓይነት የተሻለ ይገባል፤ ሲበዛ ግን እሱም ያስቀምጣል።

እኔን ያሳሰበኝ ኦሜፕራዞሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የአሲድ መቀነሻዎች ለረጅም ጊዜ፣ በአብዛኛው ከዓመት በላይ፣ ሲወሰዱ ማግኒዚየምን ሊያወርዱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ከታዩት ታካሚዎች ሩብ ያህሉ ማግኒዚየም ቢጨመርላቸውም አልተስተካከለላቸውም፤ የጨጓራው መድኃኒት መቆም ነበረበት። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው፤ ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ።

ላብራቶሪ የምሠራ፦
ስለ "ኖርማል" ልጨምር። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 25 ግራም ያህል ማግኒዚየም አለ። ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ ነው፤ የቀረው በብዛት ጡንቻና ሌሎች ሕዋሳት ውስጥ። የደም ፈሳሹ ላይ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ እኛ የምንለካው እሱን ነው። ደም ውስጥ ሲያንስ ኩላሊት በሽንት የሚወጣውን ይቀንሳል፤ ከአጥንትም ይወሰዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ክምችቱ ሊያንስ ይችላል። ይህ ማለት ግን አንቺ አንሶሻል ማለት አይደለም! ፖታሲየምና ካልሲየምስ ተለክቷል? ማግኒዚየም በጣም ሲወርድ ሁለቱንም ይዞ ይወርዳል፤ እሱ ሳይስተካከል ፖታሲየም ብቻ ቢሰጥ አይቆምም።

አንድ አባል፦
እኔ ወስጄው ለቀቀኝ። ዝም ብለሽ ቀጥዪ።

ፋርማሲስቱ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለቀቀህ። ግን ይሄ ነገር በራሱ መጥቶ በራሱ የሚሄድ ስለሆነ ምስጋናውን ኪኒኑ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ማግኒዚየም የአረጋውያንን የእግር መጨምደድ በሚታይ መጠን የሚከላከል አይመስልም ብሏል። ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ እንዲላላ ማግኒዚየም ማስፈለጉ እውነት ነው። ያላነሰው ሰው ላይ መጨመሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠያቂዋ፦
ፖታሲየም አልተለካም። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ፤ ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦
ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ! ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ማግኒዚየምንም ፖታሲየምንም በሽንት ያስወጣል። ከኦሜፕራዞል ጋር ሲደመር መታየት አለበት። ሁለቱንም መድኃኒቶች ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይታዘዝልሽ። ኩላሊት ከደከመ ትርፉ ማግኒዚየም አይወጣም፤ ተጠራቅሞ ልብንና አተነፋፈስን ሊያውክ ይችላል።

ነርሷ፦
እስከዚያው ከምግብ አግኚው፤ የዱባ ፍሬ፣ ስፒናች፣ ባቄላ፣ ያልተፈተገ እህል። ለአዋቂ ሴት በቀን ከ310 እስከ 320 ሚሊግራም ይበቃል፤ ለወንድ ከ400 እስከ 420። ሲይዝሽ ጉልበትሽን ዘርግተሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢ።

ሌላ አባል፦
በዚሁ ልጠይቅ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞልኛል። ከማግኒዚየሙ ጋር ልዋጠው?

ፋርማሲስቱ፦
አብረህ አትዋጥ፤ ማግኒዚየሙ ይይዘውና ወደ ደም አይገባም። ሲፕሮውን ከማግኒዚየሙ 2 ሰዓት ቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ቆይተህ ውሰድ።