ከኋላ ገጭቶኝ አሁን "አንተ ነህ ወደ ኋላ የመጣኸው" እያለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ከሶስት ቀን በፊት አንዲት እናት ልጅ ይዛ ዜብራ ስትሻገር ፍሬን ይዤ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ያለው ርቀቱን ሳይጠብቅ መጥቶ ገጨኝ፣ ፓራውልቴ ተሰንጥቆ የግራ ስቶፕ መብራቴ ረገፈ። ሰውየው ወርዶ "ወንድሜ ትራፊክ አትጥራ፣ እኔ አሰራልሃለሁ" ብሎ ሲለምነኝ አሳዘነኝ፣ መንገዱም ተዘግቶ ከኋላ ክላክስ በክላክስ ስለነበር መኪናዬን ዳር አወጣሁ። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ወዲያው ትራፊክ ሲመጣ ሰውየው ድንገት "ወደ ኋላ መጥቶ ነው የገጨኝ" አለ! ትራፊኩም መኪኖቹ ከቦታቸው ስለተነሱ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ማንሳት አልችልም ብሎ ሄደ፣ ኢንሹራንስ ደግሞ የፖሊስ ሪፖርት አምጣ አለኝ። እጄ ላይ ያለችው አንዲት ፎቶ ናት፣ ዳር ከወጣን በኋላ ያነሳኋት፣ ታርጋውና የተጨማደደው ኮፈኑ ይታያል፣ ከጀርባ ደግሞ የመብራቴ ስብርባሪ ዜብራው ጫፍ ላይ ተበትኖ ይታያል። ይሄ ማስረጃ ይሆነኛል? አሁን ጣቢያ ሄጄ ባመለክት ይቀበሉኛል ወይስ ረፍዷል? መኪናውንስ እስኪታይ ድረስ ሳላሰራ ላቆየው? እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እንዲህ የደረሰበት ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።