ከፓኪንግ ወደ ኮንቲኒየስ ኢምፕሩቭመንት ክፍል መግባት የሞከራችሁ አላችሁ?

ከሚኒሶታ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሕክምና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ፓኪንግ ላይ ነው የምሠራው፣ ሁለተኛ ሺፍት። አገር ቤት ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ጨርሻለሁ። አሁን እዛው ፋብሪካ ኮንቲኒየስ ኢምፕሩቭመንት፣ አሠራርን እየለካ የሚያሻሽለው ክፍል፣ ቦታ ወጥቷል፣ ግሪን ቤልት የሚሉት የአሠራር ማሻሻያ ሰርተፍኬት ያለው ይመረጣል ይላል። መጀመሪያ ሰርተፍኬቱን ልያዝ ወይስ እንዲሁ ላመልክት? እስቲ ምከሩኝ።

ከኦሃዮ፦
እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። እኔም የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ከመስመር ላይ ተነስቼ ነው እዚህ ሥራ የገባሁት። አመልክቺ፣ ሰርተፍኬት እስክትይዢ አትጠብቂ፣ ግን አሁን ባለሽበት ቦታ ያሻሻልሽው አንድ ነገር በእጅሽ ይኑር፣ ትንሽም ቢሆን የተለካ።

እኛ ጋ ለምሳሌ ሌብል የሚያትመው ፕሪንተር ከመስመሩ ማዶ ነበር፣ ሳጥን በሞላ ቁጥር ሰው ፓሌቶቹን ዞሮ ሄዶ ሌብል ይዞ ይመለሳል፣ ሁሉም ያማርራል ግን እንደዛው ይሠራል። ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ የክፍሉን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሳልኩና ሰው በሄደ ቁጥር በእርሳስ መስመር አሰመርኩ፣ ስፓጌቲ ዲያግራም የሚሉት እሱን ነው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ጠቆረ። ከዛ በኋላ ክርክርም አላስፈለገ፣ ሜንቴናንስ ጠረጴዛ አምጥቶ ፕሪንተሩን እዛው መስመሩ አጠገብ አደረገው። ኢንተርቪው ላይ አብዛኛውን ሰዓት ያወራነው ስለዚች ወረቀት ነበር።

የቶዮታው ታይቺ ኦህኖ የዘረዘራቸውን 7 ብክነቶች አንቺ ዩኒቨርሲቲ ተምረሻቸዋል፣ ጥበቃው፣ ምልልሱ፣ ያለልክ ማምረቱ። ዋናው ግን የትኛው ብክነት የትኛው ማሽን ጋ እንዳለ ማወቅ ነው፣ እሱን ደግሞ ቢሮ ያለው ኢንጂነር የሚያገኘው አንቺን ጠይቆ ነው።

እና እኛ ሐበሾች ላይ የማየው፣ ሥራዬ ይናገርልኛል ብለን አንገታችንን ደፍተን እንሠራለን፣ ይሉኝታው አለ፣ አክሰንቱም ያሳስበናል። እዚህ ሥራ ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው አይታይም። የሺፍት ስብሰባ ላይ ተናገሪ፣ ካይዘን ኢቨንት፣ ቡድን ተሰብስቦ አንድ አሠራር የሚያሻሽልበት፣ ሲኖር ስሜን ጻፉኝ በዪ። ስትናገሪ ግን እገሌ ነው ያበላሸው አይባልም፣ አሠራሩን ነው የምታነሺው። ስቶፕዎች ይዘሽ ሰው አጠገብ ከመቆምሽ በፊትም ለምን እንደምትለኪ ንገሪው፣ አለዚያ ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ እውነት ለመናገር ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ በዚህ ስም ሰው የቀነሰ ድርጅት አለ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካው የጥራት ማኅበር የኤኤስኪው ግሪን ቤልት የ3 ዓመት ተከፋይ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከሱ በታች ያለው የሎው ቤልት ግን ልምድ አይጠይቅም፣ ከሱ መጀመር ትችያለሽ። ከመክፈልሽ በፊት ኤችአርን ጠይቂ፣ አሠሪ ለትምህርት የሚከፍልልሽ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚቀረው።

ከቨርጂኒያ፦
ወንድማችን በደንብ ብሎታል። እኔ የምጨምረው ፋብሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሆስፒታልም ይሄን ሥራ ይቀጥራል። ሲያትል ያለው ቨርጂኒያ ሜሰን በ2002 አመራሮቹን ጃፓን ድረስ ልኮ የቶዮታን አሠራር አምጥቷል፣ እኔም የምሠራው ሆስፒታል ነው፣ የዕቃ ክፍል ስሠራ ቆይቼ አሁን እዚህ ቡድን ውስጥ ነኝ።

ሌላው፣ አገር ቤት ካይዘን የሠራችሁ ሬዙሜያችሁ ላይ አውጡት እባካችሁ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ፋብሪካ 5ቱን ማዎች፣ የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎቹን፣ ተገበረ፣ የካይዘን ልማት ቡድን ውስጥ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ልምድ የለኝም ሲል ስሰማ ያንገበግበኛል። ካይዘን ቲም ሜምበር ብላችሁ ጻፉ፣ ምን እንደተሻሻለም ከሥሩ። እህቴ አንቺስ ልምምድ የት ነበር የወጣሽው?

ከሚኒሶታ፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁለታችሁንም። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነበር፣ ካይዘን ቡድኑ ጋ ነው የመደቡኝ፣ አሁኑኑ እጨምረዋለሁ። ማመልከቻው አርብ ይዘጋል። ማሽኑ ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ሲቀየር ቆመን የምንጠብቀውን ሰዓት ከዛሬ ማታ ጀምሬ እይዛለሁ፣ ሊድ ፐርሰኗም እሺ ብላኛለች። ሬዙሜውን ከሐሙስ በፊት የሚያይልኝ አለ?

ከቨርጂኒያ፦
በውስጥ መስመር ላኪልኝ የኔ እህት፣ ረቡዕ ኦፍ ነኝ አየዋለሁ።