ደሴ ላይ ኮክቴል ባር፦ መጠጡ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሳምቡሳው ውጪው ይጠቁራል

ጦሳ_ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ 40 ወንበር ያለው ኮክቴል ባር ልንከፍት ሙከራ ላይ ነን። ሜኑው ስምንት ኮክቴልና ስድስት ዓይነት በእጅ የሚነሣ ትንንሽ ምግብ አለው። ሁለት ነገር አልስተካከል ብሎናል። ጂን ሳወሩ (ጂን 60 ሚሊ፣ ሎሚ 25፣ ሽሮፕ 20) ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቀጥኗል። በረዶውን ማታ ሥራ ስንጀምር ከዲፕ ፍሪጅ አውጥተን ባልዲ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። የምስር ሳምቡሳው ደግሞ 180 ዲግሪ ዘይት ውስጥ በሁለት ደቂቃ ይጠቁራል፣ መሐሉ ግን አይሞቅም። እሳቱን ስንቀንስ ዘይት ይጠጣል። ምን ይሻላል?

ባንኮኒ_ጀርባ፦
አብሽሩ፣ መጠናችሁ ደህና ነው። ጥፋቱ የባልዲው ነው። ባልዲ ውስጥ የቆየ በረዶ ላዩ ስለሚረጥብ ገና ሳትሸከሽኩት ሼከሩ ውስጥ ውሃ ጨመራችሁ ማለት ነው። ያ 105 ሚሊ ድብልቅ ከዲፕ ፍሪጅ በወጣ፣ ላዩ ባልረጠበ በረዶ 10–12 ሰከንድ ሲሸከሸክ 150 ሚሊ አካባቢ ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ጉሮሮ ይፍቃል። በረጠበ በረዶ ግን መጠጡ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ይቀጥናል፣ አስተናጋጁ ደረጃ ወጥቶ እስኪያደርስ ደግሞ ይብስበታል።

ባልዲው ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ወንፊት ይኑረው፣ በረዶውም በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይውጣ። ሼከር ውስጥ የነበረውን በረዶ ወደ ብርጭቆ አትገልብጡት፤ አጥልላችሁ አዲስ በረዶ ላይ ቅዱት። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቀጭን በረዶ ለሼከር አይሆንም፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ይሻላል።

የበረዶውን መጠን በተመለከተ ለአንድ መጠጥ ለሼከሩም ለብርጭቆውም በድምሩ 300 ግራም ያዙ። 40 ሰው ሁለት ሁለት ከጠጣ 24 ኪሎ ነው። መብራት ሲጠፋ ትልቅ ብሎክ ከትንንሹ ይልቅ ይቆያል። ብርጭቆ የመሰለ ጥርት ያለ በረዶ ከፈለጋችሁ ክዳን የሌለው ትንሽ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውሃ ሞልታችሁ ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት። ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ ስለሚገባ አየሩና ቆሻሻው ወደ ታች ይገፋል። ከ18–24 ሰዓት በኋላ፣ ታችኛው ክፍል ሳይረጋ አውጡት። ላዩ ወዝቶ እስኪያበራ ጠብቃችሁ በዳቦ ቢላ ቁረጡት፤ ወዲያው ከቆረጣችሁት ይሰነጠቃል።

ሎሚውን የዕለት የዕለቱን ጭመቁ፣ የትናንቱ ይመራል። ቅርፊቱ ዘይት እስኪያወጣ ድረስም አትጭመቁ። የቀንም ሥራ ካላችሁ፣ የሎሚ ጭማቂ የነካው እጅ ፀሐይ ላይ ስለሚቃጠል ባርማኑ በደንብ ይታጠብ።

ሰፌድና_ድስት፦
180 የቆላ ልክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እርጥብ ምስር ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ሊጡ ግን የሚጠቁረው በዘይቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ 165 ላይ ከ4–5 ደቂቃ ጥበሱ።

ዘይት የሚጠጣው 165 ስለሆነ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ብዙ ስለምትከቱ ነው። 3 ሊትር ዘይት ውስጥ 20 ሳምቡሳ ከገባ ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ ሊጡም ቅርፊት ሳይሠራ ዘይቱን ይመጥጣል። ከ8–10 በላይ አትክተቱ፤ ሙቀቱን በዓይን ሳይሆን በቴርሞሜትር እዩ። ምስሩ ተቀቅሎ፣ በወንፊት ተጠልሎ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ድስት ላይ እርጥበቱ ጠፍቶ፣ ፍጹም ቀዝቅዞ ይሞላ። ትኩስ ከሞላችሁት እንፋሎቱ ሊጡን አርሶ ጥግ ላይ ያፈነዳዋል። ለአንዱ 15 ግራም ይበቃል።

ከስድስቱ ውስጥ አንዱ የሐይቅ ዓሣ ይሁን፣ ደጃችሁ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ 2 በ6 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና በጨርቅ አድርቁት። ከዚያ 100 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም የበቆሎ ስታርችና በጣም የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ቀላቅላችሁ ነክራችሁ ጥበሱ። ቤኪንግ ፓውደር አትጨምሩ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሊጡ ያብጥና ከዓሣው ይላቀቃል። አዚፋውን 4 ሳንቲ ሜትር ክብ ተቆርጦ 150 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ በደረቀ እንጀራ ላይ አቅርቡት፣ ግን ሳህኑ ሊወጣ ሲል ብቻ ይደረግበት። ቀድማችሁ ከደረደራችሁት እንጀራው ይልማል።

የኮምቦልቻ_መንገድ፦
ኮምቦልቻ ላለ 170 ይሠራል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በነገራችን ላይ ስምንት ኮክቴል ለአንድ ባርማን ይበዛል፣ አምስት በቂ ነው። አምቦ የሚገባበት መጠጥ ካላችሁ ጠርሙሱ በጣም ይቀዝቅዝ፤ ለብ ካለ ሲከፈት ገንፍሎ ጋዙ ያልቃል። መጨረሻ ላይ በቀስታ ይጨመር እንጂ ሼከር ውስጥ አይግባ።

ጦሳ_ሥር፦
ተባረኩ። ሳወሩ ላይ የእንቁላል ነጭ ልንጨምር ነበር፣ ረቡዕና ዓርብስ? ሥጋና አልኮል ላይም ግራ ገብቶናል፣ እንግዳው ሁለቱም ወገን ነው።

ሰፌድና_ድስት፦
በጾም ቀን በእንቁላሉ ፋንታ የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ 30 ሚሊ አድርጉ። ያለ ጨው ተቀቅሎ በውሃው ውስጥ አድሮ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ መሆን አለበት፤ ከቀጠነ እሳት ላይ አቆይታችሁ ውሃውን ቀንሱት። መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ በበረዶ ሸክሽኩት። አረፋው ከእንቁላሉ አያንስም።

ሥጋ ላይ መሸፋፈን ደሴ ላይ አይሠራም፤ እንግዳው የማን ሥጋ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። መጥበሻውን ለምስርና ለዓሣ ብቻ ተዉት፣ ሁለቱም ወገን ይበላዋል፤ በጾም ቀን ግን ዓሣ የማይበላ አለ። የእስላምም የክርስቲያንም ሥጋ ካቀረባችሁ ቢላው፣ መክተፊያውና ምጣዱ ይለያይ፣ ሜኑው ላይም በግልጽ ይጻፍ። ጥሬ ሥጋ በትሪ አታዙሩ፣ ቶሎ ይሞቃል።

ባንኮኒ_ጀርባ፦
አልኮል ለማይጠጣው ብርዝ ሥሩለት። ማር 60 ግራም ለብ ባለ 180 ሚሊ ውሃ በጥብጡና አቀዝቅዙት። ከእሱ 90 ሚሊ፣ ሎሚ 20፣ የዝንጅብል ጭማቂ 10 ሸክሽካችሁ አዲስ በረዶ ላይ ቅዱ፣ ከላይ የጥብስ ቅጠል ጣል ይደረግበት። ብርዙ በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ውጭ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ ወደ ጠጅ መንገድ ገብቷል። ሼከሩ፣ መለኪያውና ማጥለያው ለብቻው ይሁን፣ እጀታው ላይ ቀለም ያለው ቴፕ ጠምጥሙበት፤ ማታ ሰው ሲበዛ ባርማኑ የሚለየው በዚያ ነው።