ግብረ ገብ ከሰልፍ ምክር ወጥቶ ወደ ልጆቹ ውሎ እንዴት ይግባ?

መምህር_ጅማ_ዙሪያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ በየክፍሉ 40፣ በድምሩ 240 ተማሪ፣ 8 መምህራን። የልጆቹ አፍ መፍቻም የትምህርቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ራሱን ችሎ ይሰጣል። ልጆቹ «ሐቀኝነት ምንድን ነው?» ተብለው ሲፈተኑ ሙሉ ያገኛሉ፤ እርሳስ ግን በየቀኑ ይጠፋል፣ ትንንሾቹ ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ይመታሉ፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚያጸዳው የተቀጣ ልጅ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ 15 ደቂቃ እንመክራለን፣ ሰሚ የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ በቡና ለቀማ ክፍሉ ይሳሳል።

ከተለያየ ክፍል ልጆችን ቀላቅለን በቡድን ብናደራጅስ ብለናል። በአንድ ቡድን ስንት ይሁኑ? በየትኛው ቀን ይሰብሰቡ? ምን ይሥሩ? በጀት የለም ማለት ይቻላል።

የገጠር_ሱፐርቫይዘር

ቁጥራችሁ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። 8 ቡድን አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ከየክፍሉ 5፣ በድምሩ 30 ልጅና አንድ መምህር። በቡድኑ ውስጥ 6ኛን ከ1ኛ፣ 5ኛን ከ2ኛ፣ 4ኛን ከ3ኛ አጣምሩ። ትልቁ ልጅ አለቃ አይደለም፤ ታናሹ ከቀረ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ሲመጣ ያመለጠውን የሚያሳየው እሱ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ላይ በግልጽ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታናሹ ቦርሳ ተሸካሚ ይሆናል።

ስብሰባው በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ይበቃል። ዓርብን ተዉት፣ የጁምዓ ሰዓት ያጣብበዋል። የአካባቢው የገበያ ቀንም አይሆንም፤ በዚያ ቀን የሚቀረው ልጅ ብዙ ነው። የጅማ ከተማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ስለሆነ ለከተማው ቅርብ ከሆናችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል።

ዋናው ነገር ሥራው እውነተኛ መሆኑ ነው። ባይሠራ ትምህርት ቤቱ የሚጎዳበት ሥራ ስጧቸው፦ ውኃና እጅ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ፣ ችግኝ ጣቢያ፣ የመጻሕፍት ክፍል፣ ደወልና ሰንደቅ ዓላማ፣ አጥር፣ የ1ኛ ክፍል የዕረፍት ጨዋታ፣ የጠፉ ዕቃዎች ሳጥን። ስምንት ሥራ ለስምንት ቡድን። በየአራት ሳምንቱ ይዟዟር። በሁለት ሳምንት ካዟዟራችሁ ልጆቹ ሥራውን ሳይለምዱት ያልፋል።

መጸዳጃ ቤቱን ከቅጣት አውጡት። እንደ ቅጣት እስካለ ድረስ ማጽዳት ውርደት እንደሆነ እያስተማራችሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ራሱ መጥረጊያ ይዞ ይግባ። የሚያጸዱት 5ኛና 6ኛ ክፍል ብቻ ናቸው፣ ጓንትና ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ፤ የሴቶቹን ሴቶች፣ የወንዶቹን ወንዶች። ትንንሾቹ ውኃና አመድ ያቀብላሉ። ሲጨርሱ ሁሉም በሳሙና ይታጠባሉ።

ለእጅ መታጠቢያ 4 ባለ 5 ሊትር ጄሪካኖች ይበቃሉ። አዋቂ ሰው ምስማር አግሎ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ ያበጅለታል፤ እጀታው በአግዳሚ እንጨት ይንጠለጠላል፤ ከአንገቱ የታሰረው ገመድ መሬት ላይ ካለ የእግር መርገጫ እንጨት ጋር ይገናኛል። ሲረግጡት ይዘነብላል፣ ሲለቁት ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀዳዳው ሲሰፋና ገመዱ ሲያጥር ነው። ሳሙናው ይሰረቃል ብላችሁ ከፈራችሁ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥሉ።

የግብረ_ገብ_መምህርት

ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፣ አንድ ነገር ግን መጀመሪያ መፍረስ አለበት፦ የረባሽ ስም ዝርዝር። መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃው ሰሌዳ ላይ ስም ይጽፋል፣ ጓደኛውን ይዘላል፣ የተጣላውን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ይህ አሠራር ልጆቹን አድልዎና ማሳበቅ ያስተምራቸዋል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ፍትሕ ብናወራ አይክሰውም።

በምትኩ የአካባቢው ሰው የሚያውቀውን መንገድ ተጠቀሙ። እዚህ ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ ነው፤ ጃርሱማ የሚለውን ቃል የማያውቅ ልጅ የለም። ሁለት ልጆች ሲጣሉ ሁለቱ ከጥንዶቻቸውና ከቡድኑ መምህር ጋር ዛፍ ሥር ይቀመጡ። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? ምን ቢደረግ ይስተካከላል? «ለምን አደረግህ?» አትበሉ፤ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ውሸት ይሠራል እንጂ መልስ የለውም። ካሣው በልጁ አቅም የሚሆን ነገር ይሁን፦ የተቀደደ ደብተር መገልበጥ፣ የፈሰሰ ውኃ መቅዳት። ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። ደም የፈሰሰበት፣ ስለታም ነገር የተያዘበት ወይም ሴት ልጅ የተነካችበት ጉዳይ ግን ወደዚህ አይመጣም፤ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩና ወደ ወላጅ ይሄዳል።

ዱላ ደግሞ ለውይይትም አይቀርብም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወላጅ «ምቱልኝ» ቢል እንኳ።

ስለ እርሳሱ፦ በየክፍሉ አንድ ጣሳ፣ በውስጡ ባለ ቀለም ክር የታሰረባቸው 10 እርሳሶች ይኑሩ። የሌለው ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል፣ ሁለት ልጆች ቀትር ላይ ይቆጥራሉ። ከጎደለ ማን እንደወሰደ አይታደን፤ «8 አሉ፣ 2 ይቀራሉ» ብቻ ይባል። አብዛኛው የሚጠፋው እርሳስ የሚጠፋው የወሰደው ልጅ የራሱ ስለሌለው ነው።

በሰልፉ ላይ ምክሩን ወደ 3 ደቂቃ አውርዱት። «ሰፉ» (በኦሮሞ ዘንድ ተገቢውን ከነውሩ የሚለይ የሥነ ምግባር ሥርዓት) የሚለውን ልጆቹ ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተውታል፤ ከዚያ ተነስታችሁ የሳምንቱን አንድ ተግባር ብቻ ንገሩ፦ «በዚህ ሳምንት ውኃ ቀጂውን እናስቀድማለን።» ዓርብ ታይቷል ወይስ አልታየም የሚለውን ልጆቹ ይናገሩ።

የወመህ_ጸሐፊ

በአንድ ነገር አልስማማም። ቡድኑን ለሥራ ቀላቅሉ፣ ለመንገድ ግን በጎጥ አደራጁ። ድብደባው ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ከሌላ ጎጥ የመጣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ እዚያ አይደርስለትም። በየአቅጣጫው ሁለት ትልልቅ ልጆች፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ። ወንዝ የሚሻገሩ ከሆነ ክረምት ሲገባ ከወላጅ አንድ ሰው በተራ ይቁም። ዳዶ (እንደ ወንፈል በተራ መረዳዳት) የለመደ ሰው ተራ መግባት አይከብደውም።

ለቀማውን በተመለከተ የወላጅ መምህራን ኅብረቱን (ወመህን) በመስከረም ሰብስቡ፤ በኅዳር ከተጠራ የሚመጣ የለም። «ልጁን አታስቀሩ» ማለት ብቻውን አይሠራም፣ ቤቱ የዓመት ገቢውን የሚያገኘው ያኔ ነው። ልመናው ተጨባጭ ይሁን፦ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ለቀማ፤ 1ኛና 2ኛ ክፍል ጨርሶ እንዳይቀሩ። ክፍለ ጊዜ ማሸጋሸግ ካስፈለገ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ይወቀው።

ለችግኝ ጣቢያው ቡናን እመርጣለሁ፣ ወላጅ ከልቡ የሚያየው እሱን ነው። ዘሩን ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ 74110ና 74112 ያሉ ዝርያዎች የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማሉ። ዘሩ ጥላ ሥር እንጂ ፀሐይ ላይ አይድረቅ። በጥር የተዘራ ለመብቀል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃልና ልጆቹ «ሞተ» ብለው እንዳይቆፍሩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አፈሩ 3 እጅ የጫካ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፤ ከላይ የሣር ዳስ። ለ240 ልጅ 300 የችግኝ ከረጢት በዚህ አፈር ሙሉ፣ የሚሞት አይጠፋም። ችግኝ የሚገድለው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ በሥራ ቀን ሁሉም እየመጣ ውኃ ማብዛት፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም አለመኖር። የሰንበቱን ተራ ለቅርብ ነዋሪ ልጆች ስጡ። ረመዳን ሲገባ ውኃ መሸከሙን ለማይጾሙት ትንንሾች በአነስተኛ ዕቃ፣ ወይም ለመምህራን አዙሩት። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ ወደ ቤቱ ይውሰድ።

መምህር_ጅማ_ዙሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ጠቀማችሁን። አንድ ስጋት ቀረኝ፦ እዚህ መምህር ቶሎ ይዛወራል። ሲሄድ ቡድኑ አብሮ እንዳይበተን ምን ይደረግ?

የገጠር_ሱፐርቫይዘር

ለየቡድኑ አንድ ደብተር ግዙ። የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች በየሳምንቱ አራት መስመር ይጻፉበት፦ ማን ቀረ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ተበላሸ፣ ለሚቀጥለው ምን ቀረ። ደብተሩ በመምህሩ ቦርሳ ሳይሆን በመጻሕፍት ክፍሉ ይቀመጥ። አዲሱ መምህር ሲመጣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ልጆቹ ይምሩት፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይስማ። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከመውጣታቸው በፊት በግንቦት ሥራውን ለ5ኛዎቹ ያስረክቡ፣ ጄሪካኑን፣ መጥረጊያውንና የሳጥኑን ቁልፍ ቆጥረው።