የመንደራችን ፕላን፦ ሐሳብ ስጡ (ድንኳኑን ግን ተዉት)

ፀሐፊው፦
ባለፈው በስልክ የተጨቃጨቅነውን እዚህ ላስፍረው። በኋላ "እኔ አልሰማሁም" የሚል እንዳይመጣ። ኮምቦልቻ ወደኛ እየመጣች ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ከአስፋልቱ በታች ያለው ማሳ ስንት እጅ እንደዞረ ታውቃላችሁ። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ እኛ ጋ ደግሞ በ"ስጦታ" ስም የማይዛመድ ሰው አጎት ሆኖ ይፈርማል። ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ሲያወጣ ለ10 ዓመት ነው። መንገዱ ጓሮህ ላይ ከተሰመረ በኋላ ብትጮህ ማን ይሰማሃል። ስለዚህ ሳይቀድሙን ነዋሪው የሚፈልገውን ራሱ ይሳል፣ ፈርመን እናስገባ። ሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ መንደሩ በሙሉ ይጠራ። ወጪው ትልልቅ ወረቀት፣ ማርከር፣ ምሳ ነው። ምሳው እንደ ደንባችን ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላዋ፣ አንዱ ለሙስሊሙ አንዱ ለክርስቲያኑ። ድንኳን ከቅሬው፣ ከዕድራችን። 46 አባል 1,500 ብር ቢያዋጣ 69,000 ይሆናል፣ ይበቃናል።

ጅዳዋ፦
እከፍላለሁ። ግን የቦኖ ውሃው መዋጮ የት ደረሰ? መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ደረሰኙን 3 ጊዜ ልኬልሻለሁ። ስልክ በቀየርሽ ቁጥር እንደ አዲስ ልተርክልሽ ነው?

ጅዳዋ፦
አትቆጣ፣ ጠየቅሁ እንጂ ሌባ አላልኩህም።

መምህርቷ፦
ቦኖውን ተዉትና ስለ አሳሳሉ ልንገራችሁ። እሁድ እናቴ ጓሮ ሞከርኩት። መንገዱን በአመድ ሰመርን፣ ቤቶቹን በባቄላ፣ ወንዙን ባረጀ ነጠላ። ሰባት ሴቶች ነበሩ። እኔ ለአዲስ ቤት ብዬ ከወንዙ ዳር አራት ባቄላ ደረደርኩ። አንዷ አሮጊት ምንም ሳትናገር አራቱንም ለቅማ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። "እዚህ ጎርፍ አንድ ጎጆ ከነጥጃው ወስዷል፣ አንቺ አልተወለድሽም" አለችኝ። ይሄንን ከየትኛው ቢሮ ታገኙታላችሁ? ስለዚህ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይሳሉ፣ ከዚያ ይተያያሉ። ሴቱ የውሃ መንገዱንና የወፍጮ መንገዱን ነው የሚያወጣው፣ ወንዱ ድንበሩን። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ፣ ስብሰባ ሲጠራ ግን ባል ብቻ ነው የሚመጣው።

ቧንቧ ውሃ፦
አሪፍ። እኔ ጂፒኤስ አለኝ። ቅዳሜ ከደሴ ወርጄ የመንደሩን ዙሪያ እለካላችኋለሁ። በነፃ።

ፀሐፊው፦
ተባረክ! ተመዝግቧል።

ወፍጮ ቤት፦
ሁሉም ጥሩ። ድንኳኑን ግን እቃወማለሁ። የቅሬው ድንኳን የልቅሶ ነው። ሰው ሳይሞት የተተከለ የልቅሶ ድንኳን ሰው ይጠራል። አባቶቻችን ያሉት ነው።

አያ ሾፌር፦
የትኞቹ አባቶች? ድንኳኑ የተገዛው እኔ ሾፌር ሆኜ ነው፣ ከኮምቦልቻ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ወፍጮ ቤት፦
ልማዱ ከድንኳኑ በፊት ነበር።

አያ ሾፌር፦
እሺ፣ ልጅህን ስትድር ምን ነበር የተተከለው? ጃንጥላ?

ወፍጮ ቤት፦
ያንን ተከራይቼ ነው። በገንዘቤ።

አያ ሾፌር፦
እንዴ! ከበሩ በስተግራ የከሰል ቀዳዳ አላት፣ ጀበና የምታክል። ያንተ ሰርግ ላይ ቡና ሲፈላ ፍም ተፈናጥሮ ነው። በማግስቱ ለቀብር ስንተክለው በሷ በኩል ዝናብ ወርዶ አስከሬኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ወፍጮ ቤት፦
ስሜን አታጥፋ። ቀዳዳዋ ከዚያ በፊት ነበረች። ምስክር አለኝ።

ጅዳዋ፦
እኔ እዛ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ አረንጓዴ ነበር። የቅሬውም አረንጓዴ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ፀሐፊው፦
ጀማው! ስለ ፕላን ነው የምናወራው።

የሸሁ ልጅ፦
ዋርካው ስር ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
በሐምሌ? የሀረጎ ዳገት በጉም ተሸፍኖ፣ ወረቀቱ ረጥቦ፣ አመዱ ታጥቦ? ዋርካው ስር 30 ሰው ከገባ ሌላው ቦዩ ውስጥ ነው የሚቆመው።

የሸሁ ልጅ፦
ትምህርት ቤቱስ?

መምህርቷ፦
ክፍሉ ጠባብ ነው። ደግሞ አሮጊቶቹ ክፍል ውስጥ አይናገሩም፣ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ተማሪ የሆኑ ይመስላቸዋል።

ማሳው፦
ስለ ድንኳን ስታወሩ የኔን ጥያቄ ማንም አላየውም። እንደገና ልጻፈው። ፀሐፊው በግል የላከልኝ ንድፍ ላይ "የወደፊት ዋና መንገድ" የተባለው በአባቴ ጤፍ ማሳ መሀል ነው የሚያልፈው። እናንተ ስትፈርሙ አባቴ ምን ያገኛል? ወይስ ነዋሪ ማለት አስፋልት ዳር ቤት ያለው ብቻ ነው?

ፀሐፊው፦
ንድፉ ለመነሻ ነው ብያለሁ እኮ።

ማሳው፦
መነሻው አባቴ ነው መድረሻው ማን ነው?

መምህርቷ፦
ልክ ነው የጠየቀው። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ገበሬው ለዘለቄታው ሲነሣ የ5 ዓመት አማካይ ገቢው ተሰልቶ በ10 ይባዛ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ካልተሰጠው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ምትክ ከተሰጠው ግን የአንድ ዓመቱ ብቻ ነው። ይህ የካሳው ነው። የኛ ወረቀት ማንንም አያስነሣም፣ ግን ፊርማችን ያለበትን መስመር ነገ "ነዋሪው ራሱ የሳለው ነው" ሊሉን ይችላሉ። ስለዚህ አባትህ ሳይኖሩ መስመር አይሰመር።

ማሳው፦
ይሄ መልስ ነው። አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን ካሳውን ተቀብሎ ሚኒባስ ገዛ፣ ሚኒባሱ ሀረጎን ሁለት ክረምት አልወጣም። አሁን የሰው ማሳ እኩል ያርሳል።

ቅዳሜ ማታ

ፀሐፊው፦
ቧንቧ ውሃ፣ ዛሬ ስንጠብቅህ ዋልን። ልጆቹን ድንበር ላይ አቁሜ ነበር፣ ሁለቱ ዝናብ መታቸው።

ፀሐፊው፦
አይተኸዋል፣ አንብበኸዋል። መልስ እንጂ።

የሸሁ ልጅ፦
ትናንት ደሴ ፒያሳ አይቼዋለሁ፣ ጥሬ ሥጋ ላይ ነበር። ጂፒኤሱን አላየሁም።

ገንዘብ ያዥ፦
በነፃ ሲል ነው የጠረጠርኩት።

ወፍጮ ቤት፦
ተመልሻለሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። አያ፣ ቀዳዳዋን ልጆቼን ጠየቅሁ። ፍሙ የኛ ነው። አላወቅሁም ነበር ወላሂ። አስጠግናለሁ። ግን ድንኳኑ ለስብሰባ አይተከልም፣ በዚህ አቋሜ አለሁ።

አያ ሾፌር፦
አብሽር። እኔም ያለ ነገር ጮህኩ። አስከሬኑን ያዞርነው እኔና አንተ ነን፣ ብቻዬን ነኝ ያልኩት ውሸት ነው።

የሸሁ ልጅ፦
አባቴን ጠየቅኩት። "ወዳጃ እናድርግ፣ ዱኣ ተደርጎበት ይተከል፣ ምንም የለውም" ብሏል። ቄሱም አልተቃወሙም፣ እንደውም ምሳው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ወፍጮ ቤት፦
ሸሁን አከብራለሁ። ሸሁ ግን ወፍጮ የላቸውም። እኔ ቤት የሚመጡት ሴቶች ሁሉ "የልቅሶ ድንኳን ስር ተቀምጠን ስለ ወደፊት እናውራ?" እያሉ ነው። አይመጡም። ንገሩኝ፣ ያለ ሴቶቹ መምህርቷ ማንን ልታስል ነው?

መምህርቷ፦
እኔም ጠይቄያለሁ። ግማሾቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። አሮጊቷም።

ጅዳዋ፦
እንግዲያው አዲስ ድንኳን ይገዛ! የሰርግና የስብሰባ። የልቅሶው ለልቅሶ ይቅር። እዚህ ጅዳ ያለን የመንደሩ ሴቶች ስድስት ነን፣ አብረን እንጨምራለን። በአንድ ሁኔታ፦ ለሰርግ ለውጭ ሰው ይከራይ፣ ኪራዩ በደረሰኝ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ ያዋጣል። በሰርግ ወር አንድ ቅዳሜ አያርፍም። ወንበርም ቢጨመርበት ከኮምቦልቻ የምንከራየው ይቀርልናል።

አያ ሾፌር፦
ጭነቱ በኔ። ነዳጅ ብቻ።

ፀሐፊው፦
አንድ ደቂቃ። 69,000ው እኮ ለፕላኑ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ኮምቦልቻ ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ደውያለሁ። ከነብረቱ ካለን በላይ ነው፣ ጅዳዎቹ ከጨመሩ ግን ይደርሳል። ለወረቀትና ማርከር ትንሽ ይተርፋል። በጎቹ ይቆዩ፣ ሽሮ ይሁን።

የሸሁ ልጅ፦
ከሽሮ ጋር ቄሱን አትጠብቋቸው።

ማሳው፦
ድንኳኑ የት ይቀመጣል? አባቴ ማሳ ላይ መጋዘን እንዳትሠሩ።

ፀሐፊው፦
እሺ የተሻሻለው ይሄ ነው። አንደኛ ድንኳን። ሁለተኛ 60 ወንበር። ሦስተኛ ወረቀት። ስፌቱ ለሐምሌ አይደርስም ተብሏል፣ ስለዚህ አሳሳሉ ከመስቀል በኋላ ይሁን፣ ያኔ ጤፉም ሳይታጨድ ማሳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለከተማው የምናስገባው ደብዳቤም አብሮ ይገፋል። መምህርት፣ ቅር አይበልሽ።

መምህርቷ፦
ባቄላውን በቆርቆሮ አስቀምጬዋለሁ። ከመስቀል በፊት ከተሜው ሜትር ይዞ ከመጣ ድንኳኑን አሳዩት።

ጅዳዋ፦
አትናደጂ እህቴ። የኔን ድርሻ ዛሬ እልካለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ጀማው፣ ኔትወርክ የለም ነበር። ድንኳን ነው የሰማሁት? ቀለሙ ምን ይሁን?

ወፍጮ ቤት፦
ነጭ እንዳይሆን። ከፈን ይመስላል።