ጥቆማ፦ በባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የድመት መጸዳጃ የት ይደበቅ?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ውሮ የሚባል ወንድ ድመት አለን፤ ከቤት አይወጣም። የሚጸዳዳበት ሳፋ አሁን ያለው ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሳፋውን ይገጨዋል፤ አሸዋው ኮሪደር ድረስ ይረጫል። በረንዳ አወጣሁት፣ ዝናብ ገባበት፤ ጎረቤቶችም ሽታው አስቸገረን አሉ። ሳሎን እንዳላደርገው እሁድ እሁድ ቡና ይፈላል፣ አማቴም ይመጣሉ። ረከቦት አጠገብ የድመት መጸዳጃ ማየት አይሆንላቸውም። እንግዳ የማያየው፣ ለድመቱም የሚመች ቦታ የት ነው? ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ባለ ክዳን ይሻላል ወይስ አናጺ ላሠራ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

የሰሚቷ፦
ባለ ክዳኑን እንዳትገዢ! እባክሽ እህቴ፣ ብርሽን አታቃጥዪ። እኔ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ሻጩ «ሽታ የሚባል ነገር አይወጣም» ብሎ ማለልኝ። እውነቱን ነው፣ አይወጣም፤ ውስጡ ታምቆ ይቀራል። ድመቴ አንገቷን አስገብታ አሸተተችና ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሶፋው ላይ ሆነ ጉዳይዋ። የበሩም ማጠፊያ ወዲያው ተሰበረ። ልመልስ ስል «ድመት የነካውን ዕቃ አንቀበልም» አሉኝ። ለድመት አይደል እንዴ የሸጡት?

ብሩክ ሲኤምሲ፦
ደረሰኝ ነበረሽ?

የሰሚቷ፦
ነበረኝ። ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ የለም ነገ ነይ፣ ነገ ስሄድ ሰኞ ነይ። በመጨረሻ በሌላ ቀለም እንቀይርልሽ አሉኝ። ቀለሙ ምን አደረገኝ?

ማሂ፦
የሱቁን ስም ጻፊልን እንጂ፤ እኛም እንዳንገባበት።

የሰሚቷ፦
ስም መጥራት አልፈልግም። ብቻ ስትገዙ መመለስ እንደሚቻል በጽሑፍ አስይዙ።

የአራት ኪሎው፦
እናቴ ቤት ድመቷ ጓሮ ወጥታ ቆፍራ፣ ሸፍና፣ ትመለስ ነበር። ዛሬ ለድመት መጸዳጃ ከአናጺ ጋር ምክክር ተጀመረ። ቀጥሎ ሻወር ይገጠምለት።

ማሂ፦
የአራት ኪሎው፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ጓሮ ካገኘህ እኛም እንጠቀምበት።

ቤቲ ቨርጂኒያ፦
የጀሞዋ፣ ዋናው ቦታው ሳይሆን አሸዋው ነው። እኛ እዚህ የምንጠቀመው እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለውን ነው። ቤንቶናይት ከሚባል የሸክላ አፈር ነው የሚሠራው። የጓጎለውን በወንፊት ማንኪያ ትጥዪዋለሽ፣ የቀረው ንጹሕ ነው። አርም ኤንድ ሀመር የሚባለው ድርጅት ቤኪንግ ሶዳ የገባበት አለው፤ እኔ እሱን ነው የምወደው። ሽቶ ያለውን ግን ተዪው፤ ብዙ ድመት አይወደውም።

ብሩክ ሲኤምሲ፦
ቤቲ፣ እዚህ ከውጭ የሚገባው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ዋጋውም አይቀመስም። እኔ ሰጋቱራ ነው የማደርገው። እንጨት ቤት ሄደሽ በማዳበሪያ ትሞያለሽ። ግን ከንጹሕ እንጨት የወጣ መሆኑን ጠይቂ። የቺፑድ ብናኝ ሙጫ አለበት፣ ለድመት ሳንባ አይሆንም።

ማሂ፦
የሚጓጉለውን ሽንት ቤት ውስጥ እንዳትደፉት አደራ። ቧንቧ ውስጥ ያብጣል። እኛ ብሎክ በሌላ ነገር እንኳ ተደፍኖ አንደኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ያዩትን ፍዳ አይቻለሁ። በፌስታል ቋጥራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ።

አበበች ከሳሪስ፦
ልጆቼ፣ ጥያቄዋን ረሳችሁት። የቡፌሽን የታችኛውን ክፍል ባዶ አድርጊው። በጎኑ፣ ከግድግዳው በኩል ቀዳዳ አስወጪለት። ሳፋው ውስጥ ይገባል፤ ፊት ለፊት ያለው በር ዝግ ይሆናል። ልጄ ቤት እንዲህ ነው ያለው፤ ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቼ ስመለስ አላየሁትም።

የጀሞዋ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን አላሰብኩትም። ቡፌው ግን የሠርጋችን ስጦታ ነው፤ ቀዳዳ ላውጣበት ስለው ባለቤቴ ምን እንደሚል እንጃ።

አናጺው፦
በሙያው ውስጥ ስላለሁ ልናገር። ቡፌውን መብሳት ካልፈለግሽ በልኩ ሳጥን ይሠራልሻል፤ ላዩ አግዳሚ ወንበር ሆኖ ሰው ይቀመጥበታል። ቀዳዳው ስፋቱ 20 ሳንቲም ገደማ ይሁን። በአንደኛው ጫፍ ይውጣ፣ ሳፋው በሌላኛው ጫፍ ይቀመጥ። መሐል ላይ ሸካራ የእግር መጥረጊያ አንጥፊ፤ ከመዳፉ የሚራገፈው አሸዋ እዚያው ይቀራል። ላዩ በማጠፊያ ይከፈት፤ አለበለዚያ ለማጽዳት ስለማይመችሽ ትሰለቺያለሽ። ከኋላ አየር ማስገቢያ ይተው። ጥሬ ቺፑድ እንዳያደርጉብሽ፤ ሽንት ከነካው ያብጣል። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት።

ሌላው ምክሬ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። የሽንት ቤቱን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አስገልብጪው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳፋው እዚያው ይቆያል፣ አይገጭም። በሩ ክፍት እንዲያድር ብቻ ማገቻ አድርጊበት።

ዮኒ አያት፦
እኔ ሰፈሬ ካለው አናጺ ሌላ አልልም። ለድመቴ ሳጥን የሠራልኝ እሱ ነው። ቺፑድ ነው ያደረገው፣ ምንም አልሆነም።

አናጺው፦
ወንድሜ፣ ከታች አላበጠም?

ዮኒ አያት፦
ትንሽ አብጧል። ክዳኑም አሁን አይገጥምም። ግን ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቃሉን ያከብራል። ስልኩን ለፈለገ በውስጥ እልካለሁ።

ዶክተር እንስሳ፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የትም ብትደብቂው ጥቂት ነገር አትርሺ። ከምግቡና ከውሃው ይራቅ፤ ድመት በሚበላበት አጠገብ መጸዳዳት አይወድም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥር አታድርጊው፤ አንዴ ማሽኑ ሲጮህ ከደነገጠ ተመልሶ ላይገባ ይችላል። ሳፋው ከድመቱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጅራቱን አይቁጠሩት። የሰሚቷ ድመት ችግርም ይሄ ይመስለኛል፤ ብዙዎቹ ባለ ክዳኖች ጠባብ ናቸው።

የተደበቀ ነገር ይረሳል። በየቀኑ ይጸዳ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሌላ ሰው ያጽዳው። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለውን ፅንስ የሚጎዳ በሽታ የሚያመጣው ተባይ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል፤ በየቀኑ ማንሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ድመቱንም ጥሬ ሥጋ አታብሉት፤ ተባዩን ከዚያም ያገኘዋል።

ሳፋውን በበረኪና አትጠቡ! የድመት ሽንት አሞኒያ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃል።

የጀሞዋ፣ ውሮ ወንድ ስለሆነ ይሄን ልብ በይ። ሳፋው ላይ እየተመላለሰ ካማጠና ሽንት ጠብ ካላለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ያን ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰጂው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ለዚህም ነው ሙሉ በሙሉ ከዓይንሽ የሚጠፋበት ቦታ ባይሆን የምመርጠው።

ማሂ፦
ዶክተር፣ ክትባት የት ነው የሚሰጠው? የእኔዋ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልወሰደችም።

ዶክተር እንስሳ፦
ክፍለ ከተማሽ ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቂ። ከቤት የማትወጣ ብትሆንም አስከትቢያት።

የአራት ኪሎው፦
ስለ በረኪናው አላውቅም ነበር። እህቴ ቤት ድመት አለች፣ አሁኑኑ ልደውልላት።

ህሊና ጎተራ፦
የጀሞዋ፣ እኔም እንዳንቺው ባለ አንድ መኝታ ነው ያለኝ። የቱን መረጥሽ? ቡፌውን ነው በሩን?

የሰሚቷ፦
ባለ ክዳኑን የሚፈልግ ካለ በነጻ እሰጣለሁ። በሩ ብቻ ነው የተሰበረው።

አናጺው፦
ክዳኑን አንሥተሽ ታችኛውን እንደ ሳፋ ተጠቀሚበት እንጂ፣ ለምን ትሰጪዋለሽ?

የሰሚቷ፦
ሞከርኩት፤ ለእሷ ይጠባታል። ደግሞ ባየሁት ቁጥር ያ ሱቅ ነው ትዝ የሚለኝ። ሰሚት ፊጋ መጥቶ የሚወስድ በውስጥ ይጻፍልኝ።